ማንም ሳያውቀው የሚያልቅ ሥራ፦ አክቲንና ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖቹ በፅንስ የመጀመሪያ ቀናት

በደባርቅ ወይም በዳባት አካባቢ ያደገ ሰው ሁሉ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ በ21 ቀን ጫጩት እንደምትፈለፍል ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ከእነዚህ 21 ቀናት ይበልጥ ወሳኙ የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ ግን፣ ብዙዎቻችን ጫጩቱ ቅርፊቱን ሰብሮ የሚወጣበትን የመጨረሻውን ቀን እንጠቅሳለን። የፅንስ ሳይንስ የሚሰጠው መልስ ከዚህ ይለያል። እንቁላሉ መታቀፍ ከጀመረ ከአንድ ቀን በኋላ በአስኳሉ ላይ የተነጠፈው ስስ የሕዋሳት ሽፋን መታጠፍ ይጀምራል። ሁለተኛው ቀን ሲያበቃ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚገኙበት ቱቦ በአብዛኛው ተዘግቷል፤ ልብም መምታት ጀምራለች። የቀሩት 19 ቀናት የሚገነቡት በዚህ መሠረት ላይ ነው።

በሰው ልጅ ፅንስም ተመሳሳይ ሥራ ይከናወናል። የሚጠናቀቀውም ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ የፅንሱ ቁመት ግማሽ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከስሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኝ መንደር የምትኖር እናት ደግሞ እርጉዝ መሆኗን ገና እርግጠኛ ላትሆን ትችላለች። ወደ ጤና ኬላ ሄዳ ምርመራ ስትጀምር ይህ ሥራ፣ በደኅናም ሆነ በጉድለት፣ ከተጠናቀቀ ሳምንታት ወይም ወራት አልፈዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ አንድ ዝርግ የሕዋሳት ሉህ ራሱን አጥፎ ቱቦ ለመሥራት የሚያስችለውን ኃይል ከየት እንደሚያገኝ፣ ይህን ኃይልም የሚመሩት ፕሮቲኖች እነማን እንደሆኑ ማስረዳት ነው። ሁለተኛው፣ ይህ በላቦራቶሪ የተገኘ ዕውቀት በሰሜን ጎንደር ለምትኖር አንዲት ወጣት ሴት ምን ትርጉም እንዳለው ማሳየት ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሉህ ወደ ቱቦ

ከፅንሰት በኋላ በ3ኛው ሳምንት ፅንሱ ሦስት ንጣፎች ያሉት ዝርግ አካል ይሆናል። ከላይኛው ንጣፍ መካከል የሚገኙት ሕዋሳት እየረዘሙና እየወፈሩ በመሄድ የነርቭ ሰሌዳ የሚባለውን ክፍል ይሠራሉ። የነርቭ ሥርዓታችን በሙሉ ማለት ይቻላል፣ ምንጩ ይህ ሰሌዳና ጠርዞቹ ናቸው። ሰሌዳው ቱቦ ለመሆን ሦስት ተግባራትን ማከናወን ይኖርበታል።

አንደኛው መጥበብና መርዘም ነው። ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ሲጓዙ የነበሩ መንገደኞች ወደ ገደል ጫፍ ጠባብ መንገድ ሲደርሱ አንዱ በሌላው መካከል እየገባ ሰልፋቸው ቀጭንና ረጅም ይሆናል። የነርቭ ሰሌዳ ሕዋሳትም እንዲሁ ከግራና ከቀኝ ወደ መካከል እየገቡ ሰሌዳውን ያጠቡታል፤ ያረዝሙታልም። ልዩነቱ፣ መንገደኞቹን የሚያጠብባቸው ገደሉ ሲሆን ሕዋሳቱ ግን የሚጠብቡት በራሳቸው ጉልበት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ተግባር መታጠፍ ነው፤ የሰሌዳው መካከል ይሰረጉዳል፣ ሁለቱ ጠርዞችም ወደ ላይ ይነሣሉ። ሦስተኛው መገጣጠም ነው፤ ጠርዞቹ ተገናኝተው ይጣበቃሉ፣ ቱቦውም ከላይኛው ቆዳ ተለይቶ ወደ ውስጥ ይገባል።

በሰው ፅንስ መገጣጠሙ የሚጀምረው በ22ኛው ቀን ገደማ፣ በወደፊቱ አንገት አካባቢ ነው። ከዚያም እንደ ልብስ ዚፕ ወደ ራስና ወደ ጅራት አቅጣጫ ይቀጥላል። በራስ በኩል ያለው ቀዳዳ በ25ኛው ቀን፣ በጅራት በኩል ያለው ደግሞ በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። የራሱ ቀዳዳ ሳይዘጋ ከቀረ አንጎልና የራስ ቅል በአግባቡ ሳይፈጠሩ ይቀራሉ። አነንሴፋሊ የሚባለው ይህ ሁኔታ ሕፃኑን በሕይወት አያቆየውም። የታችኛው ክፍል ሳይዘጋ ከቀረ ደግሞ ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው ጉዳት ይደርሳል፤ ይኸውም ኅብለ ሰረሰሩ ያለ አጥንት መከለያ ለጉዳት ተጋልጦ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሕፃን ብዙውን ጊዜ በሕይወት ይወለዳል። ሆኖም የእግር መስነፍ፣ ሽንትንና ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፣ እንዲሁም በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም ሊያጋጥመው ይችላል።

አክቲን ምንድን ነው?

አክቲን የተባለውን ፕሮቲን ከጡንቻ ለይቶ ያወጣው በሃንጋሪ ሴጌድ ከተማ በአልበርት ሴንት-ጆርጂ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ብሩኖ ስትራውብ ነው፤ ዘመኑም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1942 ነበር። አክቲን በመጀመሪያ የጡንቻ ፕሮቲን ብቻ ተደርጎ ተቆጥሮ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ከእርሾ ጀምሮ እስከ ሰው ድረስ፣ ጡንቻ ባልሆኑ ሕዋሳትም ውስጥ በብዛት እንደሚገኝ ታወቀ።

አንዱ የአክቲን ቅንጣት 375 አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ትንሽ እንክብል ነው። እንክብሎቹ እርስ በርስ ሲቀጣጠሉ 7 ናኖ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ሁለት ፈትል እንደተጠመዘዘበት ገመድ ያለ ክር ይሠራሉ። አንድ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ መሆኑን ካስታወስን የክሩን ቅጥነት መገመት ይቻላል። ክሩ ሁለት የተለያዩ ጫፎች አሉት። በአንደኛው ጫፍ አዳዲስ እንክብሎች በፍጥነት ይጨመራሉ፤ በሌላኛው ጫፍ አሮጌዎቹ ይረግፋሉ። እያንዳንዱ እንክብል ኤቲፒ የተባለውን የኃይል ሞለኪውል ይዞ ወደ ክሩ ይገባል፤ ክሩ ውስጥ ከገባ በኋላም ኤቲፒው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ኤቲፒው የተሰነጠቀበት የክሩ ክፍል አሮጌ እንደሆነ ሕዋሱ ለይቶ ሊያውቅ ይችላል ማለት ነው።

ይህን አሠራር ለመረዳት ጥቂት ድንጋይ ብቻ ያለውን ግንበኛ እናስብ። ግንበኛው ከኋላ ያለውን ካብ እየናደ ድንጋዩን ከፊት ለፊት ይክበዋል። የካቡ ርዝመት አይለወጥም፤ ካቡ ግን ወደፊት ይጓዛል። በሚንቀሳቀስ ሕዋስ የፊት ጠርዝ ላይ ያሉት የአክቲን ክሮችም እንዲህ ባለ መንገድ እያደጉ የሕዋሱን ስስ ሽፋን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፉታል።

አስገራሚው ነገር የዚህ ፕሮቲን አለመለወጥ ነው። ጡንቻ ባልሆኑ ሕዋሳት ውስጥ የሚገኘው ቤታ-አክቲን የተባለው ዓይነት በዶሮና በሰው ዘንድ የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። የዶሮና የሰው የዘር ሐረግ ከተለያዩ ከ300 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ቢያልፉም፣ ይህ ፕሮቲን እንዳለ ቆይቷል። የፅንስ ተመራማሪዎች በእንቁላል ውስጥ ያዩትን ይዘው ስለ ሰው ለመናገር የሚደፍሩትም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ክሩን የሚያዝዙት ፕሮቲኖች

አክቲን በራሱ ዕውር ነው። መቼ ማደግ፣ የት መቆም፣ በየትኛው አቅጣጫ መሄድ እንዳለበት የሚወስኑለት ሌሎች ፕሮቲኖች ናቸው። ዋና ዋናዎቹን በሥራቸው ከፍለን እንመልከት።

ጀማሪዎች፦ አዲስ ክር በራሱ ለመጀመር ይቸገራል። አርፕ 2/3 የተባለው የፕሮቲኖች ስብስብ በነባር ክር ጎን ላይ ተለጥፎ 70 ዲግሪ ያህል የሚያጋድል አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ በዚህም ሰፊና ዝርግ የሆነ የክር መረብ ይፈጠራል። ፎርሚኖች ደግሞ ቅርንጫፍ የሌላቸውን ቀጥ ያሉ ረጃጅም ክሮች ያስጀምራሉ።

አቀባዮች፦ ፕሮፊሊን ነጠላውን የአክቲን እንክብል ይዞ አዲስ ኤቲፒ እንዲሸከም ይረዳዋል፤ ከዚያም በሚያድገው ጫፍ ላይ ያደርሰዋል።

ከዳኞችና ተከላካዮቻቸው፦ ከዳኝ ፕሮቲኖች የክሩን ጫፍ ከድነው እድገቱን ያቆማሉ። ሜናና ዘመዱ ቫስፕ ደግሞ ጫፉ ላይ ተቀምጠው መከደኑን ያዘገያሉ፤ ክሩም እንዲረዝም ያደርጋሉ።

ቆራጮች፦ ኮፊሊን አሮጌውን ክር ለይቶ ይቆርጠዋል። ሥራው አፍራሽ ቢመስልም አዲስ ክር የሚሠራበትን እንክብል የሚያስገኘው እርሱ ነው። ያለ ኮፊሊን ሕዋሱ፣ ድንጋዩን ሁሉ በአሮጌ ካብ ላይ ጨርሶ ባዶ እጁን እንደቀረ ግንበኛ ይሆናል።

ሳቢዎች፦ ማዮሲን 2 ሁለት የአክቲን ክሮችን ይዞ አንዱን በሌላው ላይ ያንሸራትታል። ውጤቱ መኮማተር ነው።

አዛዦች፦ ከእነዚህ ሁሉ በላይ ሮ፣ ራክና ሲዲሲ42 የተባሉ፣ እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ የሚሠሩ ትናንሽ ፕሮቲኖች አሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አለን ሆልና የሥራ ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ራክ ሲበራ ሕዋሱ ዝርግ የፊት ጠርዝ ያወጣል፤ ሲዲሲ42 ሲበራ እንደ ጣት ያሉ ቀጫጭን ዘንጎች ይወጣሉ፤ ሮ ሲበራ ደግሞ የአክቲን ክሮች ከማዮሲን ጋር ተጣምረው ይወጠራሉ። ከጎረቤት ሕዋሳት የሚመጣ የኬሚካል መልእክት ከእነዚህ አንዱን በሕዋሱ ፊት፣ ሌላውን በኋላው ሲያበራ፣ ሕዋሱ አቅጣጫ ያለው ጉዞ ይጀምራል።

ሉሁ እንዴት ይታጠፋል?

እርጥብ ቁርበት ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ፀሐይ ያገኘው ገጽ ቀድሞ ይደርቅና ይሸበሸባል፤ የታችኛው ገጽ ግን ስፋቱን ይዞ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የቁርበቱ ጠርዞች ወደ ላይ ይቆለመማሉ። አንድ ሉህ አንዱ ገጹ ብቻ ከጠበበ መታጠፉ ግድ ነው። አሜሪካዊው ዋረን ሉዊስ በ1947 ይህንኑ ሐሳብ ለማሳየት የናስ ሰሌዳዎችን በላስቲክ አያይዞ ሞዴል ሠርቶ ነበር፤ በአንድ በኩል ያሉት ላስቲኮች ሲጠብቁ ሰንሰለቱ በሙሉ ይታጠፋል። የሕዋሱ ላስቲክ ምን እንደሆነ ግን በዚያን ጊዜ አልታወቀም ነበር።

ዛሬ መልሱን እናውቃለን። በእያንዳንዱ የነርቭ ሰሌዳ ሕዋስ የላይኛ ጫፍ ዙሪያ የአክቲን ክሮች እንደ መቀነት ተጠምጥመዋል። ማዮሲን ክሮቹን ሲስብ መቀነቱ ይጠብቃል፤ የሕዋሱ አናትም አፉ በጠፍር እንደታሰረ አቁማዳ ይሸበባል። አራት ማዕዘን የነበረው ሕዋስ የሽብልቅ ቅርጽ ይይዛል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጎረቤታማ ሕዋሳት ይህን በአንድ ጊዜ ሲያደርጉ ሉሁ ይሰረጉዳል።

መቀነቱ በሕዋሱ አናት ላይ ብቻ እንዲጠብቅ የሚያደርገው ሽሩም የተባለ ፕሮቲን ነው። ሽሩም ከአክቲን ጋር ተያይዞ የሮን ትእዛዝ የሚያስፈጽመውን ኢንዛይም ወደ ሕዋሱ አናት ይጠራል፤ ኢንዛይሙም ማዮሲንን ያነሣሣል። በ1999 ጄፍሪ ሂልደብራንድና ፊሊፕ ሶሪያኖ ይህ ጂን የጎደላቸውን የአይጥ ፅንሶች ሲመረምሩ የነርቭ ሰሌዳው ጠርዞች ወደ መካከል በመገናኘት ፈንታ ወደ ውጭ ተዘርግተው እንጉዳይ መስለው አገኟቸው። ስሙም የተወሰደው በእንግሊዝኛ እንጉዳይ ከሚባልበት ቃል ነው። ከአራት ዓመታት በኋላ ደግሞ በእንቁራሪት ፅንስ ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ሽሩም በተፈጥሮ በማይታጠፉ ሕዋሳት ውስጥ ሲጨመር አናታቸው እንዲጠብብ ማድረግ እንደሚችል ታይቷል። አንድ ፕሮቲን የሌለበት ሉህ አልታጠፍ አለ፤ ያለበት ሉህ ሳይጠበቅ ታጠፈ። በሳይንስ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ብዙ አይገኝም።

የሚፈልሱት ሕዋሳት

ጠርዞቹ ሲገናኙ በመጋጠሚያው ላይ ያሉ አንዳንድ ሕዋሳት ከጎረቤቶቻቸው ተላቀው ጉዞ ይጀምራሉ። የነርቭ ክረስት ሕዋሳት ይባላሉ። በዶሮ ፅንስ ውስጥ መኖራቸውን በ1868 የገለጸው ዊልሄልም ሂስ ነው። ፍጥነታቸው በሰዓት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ባይበልጥም የሚደርሱበት ብዙ ነው። የፊት አጥንቶች፣ ከኅብለ ሰረሰር ውጭ ያሉ በርካታ ነርቮች፣ የአንጀት ነርቮች፣ የቆዳ ቀለም የሚሰጡ ሕዋሳት ሁሉ ከእነርሱ ይገኛሉ። የዋልያ ጠጉር ቀለምም ሆነ የሰው ቆዳ ቀለም የመጣው ከፅንሱ ጀርባ ተነሥተው ወደ ቆዳ ከተጓዙ ከእነዚህ ሕዋሳት ነው።

ጉዟቸው ቀደም ብለን የጠቀስናቸውን ፕሮቲኖች ሁሉ ይጠይቃል። ከፊት ራክና አርፕ 2/3 ሽፋኑን ይገፋሉ፤ ከኋላ ሮና ማዮሲን ጅራቱን ይሰበስባሉ፤ ኮፊሊን አሮጌውን መረብ እያፈረሰ እንክብል ያቀርባል። ጉዞው ሲደናቀፍ ውጤቱ በሕፃኑ ላይ ይታያል። ለምሳሌ ወደ አንጀት የሚጓዙት ሕዋሳት እስከ መጨረሻው ካልደረሱ የአንጀቱ የታችኛ ክፍል ያለ ነርቭ ይቀራል፤ ሕፃኑም ሰገራ ማሳለፍ ይሳነዋል። ሂርሽስፕሩንግ የሚባለው በሽታ ይህ ነው።

ተቆጣጣሪው ሲጎድል

የአይጥ ፅንሶች ጥናት አንድ ጠቃሚ ትምህርት ሰጥቶናል። ኮፊሊን-1 በሚባለው ጂን ላይ በ2005 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ጂን ጨርሶ የሌላቸው ፅንሶች የነርቭ ቱቧቸው አይዘጋም፤ የክረስት ሕዋሳታቸውም አይፈልሱም። ይህ ግልጽ ነው፤ ዋናው ተዋናይ ከጠፋ ሥራው ይቆማል። የሜና ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። ሜና ብቻ የጎደላቸው አይጦች በሕይወት ይወለዳሉ። ሜና ጎድሎ በተጨማሪ የፕሮፊሊን መጠን በግማሽ ሲቀንስ ግን ቱቦው ሳይዘጋ ይቀራል፤ ፅንሱም ከመወለዱ በፊት ይሞታል።

ከዚህ የምንረዳው የነርቭ ቱቦ መዘጋት መጠባበቂያ ያለው ሥራ መሆኑን ነው። አንድ ጉድለት ብቻውን ሊታለፍ ይችላል። ሁለት ትናንሽ ጉድለቶች ሲገጣጠሙ ግን ጠርዞቹ በተወሰነላቸው ጊዜ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ጊዜው ካለፈ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል የለም፤ በዙሪያው ያሉት አካላት ማደጋቸውን ይቀጥላሉና። በሰው ላይም አብዛኛው የነርቭ ቱቦ ጉድለት በአንድ ጂን ምክንያት ብቻ የሚመጣ ሳይሆን የበርካታ ጂኖችና የአካባቢ ሁኔታዎች ድምር ነው። ጂኖቻችንን መምረጥ አንችልም። ከአካባቢ ሁኔታዎች መካከል ግን በእጃችን ያለ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እርሱም ፎሌት ነው።

ፎሌትና የጊዜ ጉዳይ

ፎሌት ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ ነው። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሉሲ ዊልስ በ1931 በቦምቤይ እርጉዝ ሴቶች ላይ የሚታየውን የደም ማነስ በእርሾ ቅምር ማከም እንደሚቻል አሳየች፤ ከአሥር ዓመታት በኋላ ንጥረ ነገሩ ከስፒናች ቅጠል ተለይቶ ወጣና ከላቲኑ «ቅጠል» ስሙን አገኘ። ፎሌት አክቲንን በቀጥታ የሚያዝዝ ፕሮቲን አይደለም። ሥራው ሕዋሳት ለመባዛት የሚያስፈልጋቸውን የዲኤንኤ ጡብ ማቅረብና ጂኖችን ለመቆጣጠር የሚያገለግሉ ኬሚካላዊ ምልክቶችን ማስገኘት ነው። የነርቭ ሰሌዳው በሚታጠፍበት ጊዜ ሕዋሳቱ በከፍተኛ ፍጥነት ይባዛሉ። ጠርዞቹን ወደ ላይ የሚያነሣው አክቲን ቢሆንም፣ በጠርዞቹ ውስጥ በቂ ሕዋሳት በሰዓቱ ካልተገኙ ሁለቱ ጠርዞች ሊደራረሱ አይችሉም።

በ1991 በብሪታንያ የሕክምና ምርምር ካውንስል አስተባባሪነት በ7 አገሮች የተደረገ ጥናት ውጤት ይፋ ሆነ። ተሳታፊዎቹ ቀደም ሲል የነርቭ ቱቦ ጉድለት ያለበት ፅንስ ያጋጠማቸው ሴቶች ነበሩ። ከፅንሰት በፊት ጀምሮ በቀን 4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ መውሰድ ጉድለቱ ዳግም የመከሰቱን ዕድል በ72 በመቶ ቀነሰው። ለሌሎች ሴቶች የሚመከረው መጠን ከዚህ በጣም ያነሰ፣ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ነው፤ የሚጀመረውም ከፅንሰት ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ነው። ከዚህ በኋላ ዩናይትድ ስቴትስ በ1998፣ ቺሊ በ2000 ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ በሕግ አስገደዱ፤ በሁለቱም አገሮች የነርቭ ቱቦ ጉድለት ቁጥር በግልጽ ቀነሰ።

ጉዳዩ በአገራችን

በኢትዮጵያ በ2018 የታተሙ ሁለት ጥናቶች የችግሩን ክብደት አሳይተዋል። በአዲስ አበባ 3 የማስተማሪያ ሆስፒታሎች በተደረገው ጥናት ከ10,000 ወሊድ 61፣ በትግራይ ሆስፒታሎች በተደረገው ደግሞ ከ10,000 ወሊድ 131 የነርቭ ቱቦ ጉድለቶች ተመዝግበዋል። ዱቄታቸውን ባበለጸጉ አገሮች ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከ10 አይበልጥም። የሆስፒታል ቁጥር በጥንቃቄ መታየት እንዳለበት አይካድም። በአንድ በኩል ችግር ያለበት ወሊድ ወደ ሆስፒታል ስለሚላክ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል፤ በሌላ በኩል በቤት ተወልደው የሚሞቱ ሕፃናት አይቆጠሩም። ለዚህም ነው በመንደር ደረጃ የሚደረግ ምዝገባ ዋጋ ያለው። በዳባት ወረዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ ያቋቋመው የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል ማዕከል ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት መመዝገቡ በአገራችን ብዙ ቦታ የማይገኝ መሠረት ነው።

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2016 ይፋ ባደረገው ብሔራዊ የጥቃቅን ንጥረ ምግቦች ጥናት መሠረት፣ ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ 10 ሴቶች ከ8 በሚበልጡት ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ፎሌት የነርቭ ቱቦ ጉድለትን ለመከላከል ከሚያስፈልገው መጠን በታች ነው። በእርግዝና ክትትል ወቅት የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል ይሰጣል፤ ይህም ለእናቲቱ ደም ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የ2019 አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ክትትል የጀመሩት እናቶች 28 በመቶ ብቻ ናቸው። እነዚህም ቢሆኑ አብዛኞቹ ዘግይተዋል። በጤና ተቋም እርግዝና የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ ጀምሮ በመሆኑ፣ ከፅንሰት በኋላ 28ኛው ቀን በካርድ ላይ «6 ሳምንት» ተብሎ ይጻፋል፤ ይኸውም የወር አበባ ከቀረ ከ2 ሳምንት በኋላ ነው። በ10ኛው ሳምንት የተሰጠ እንክብል የተዘጋውን ቱቦ አይከፍትም፤ ክፍት የቀረውንም አይዘጋም።

መንግሥት በ2022 የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ምግብ እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ አውጥቷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ በስሜን ግርጌ የሚኖር ገበሬ የሚበላው በአብዛኛው የራሱን ገብስና ስንዴ በአካባቢው ወፍጮ አስፈጭቶ ነው። የፋብሪካ ዱቄት ውስጥ የተጨመረው ፎሊክ አሲድ ለደባርቅ ከተማ ዳቦ ቤት ይደርስ እንደሆነ እንጂ ለዚህ ገበሬ ማዕድ አይደርስም። በሌላ በኩል ጨው የማይገዛ ቤት የለም። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ለማድረግ የተሄደበትን መንገድ በመከተል ፎሊክ አሲድን በጨው የማድረስ ሐሳብ በተመራማሪዎች ዘንድ የሚጠናውም ለዚህ ነው።

ከዚያ በፊትስ ምን ማድረግ ይቻላል? ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተርና ጎመን ጥሩ የፎሌት ምንጮች ናቸው፤ አንዳንዶቹም በየጓሮው ይገኛሉ። ሆኖም ፎሌት በሙቀት ይጎዳል፣ በመቀቀያው ውኃ ውስጥም ይሟሟል። ስለዚህ ጎመንን ቀቅሎ ውኃውን ጨምቆ መድፋት ከሚፈለገው ንጥረ ምግብ ብዙውን እንደ መድፋት ነው። በምግብ ውስጥ ያለው ፎሌት በእንክብል መልክ ከሚሰጠው ፎሊክ አሲድ ይልቅ ለሰውነት የሚደርሰው በግማሽ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ምግብ ብቻውን የሚያስፈልገውን መጠን ላያሟላ ይችላል። ለመውለድ ያሰበች ሴት እንክብሉን መጀመር ያለባት ከማርገዟ በፊት ነው። ከዚህ ቀደም ጉድለት ያለበት ልጅ የወለደች እናት ደግሞ ከፍ ያለው መጠን ስለሚያስፈልጋት ከሐኪም ጋር መማከር ይኖርባታል።

ማጠቃለያ

በነርቭ ቱቦ ጉድለት የተወለደ ልጅ ያላት እናት ብዙ ጊዜ ሁለት ሸክም ትሸከማለች፤ አንዱ የልጁ ሕመም ነው፣ ሌላው የጎረቤት ጥያቄ ነው። ምን አድርጋ ነው? ምን አይታ ነው? ማን ረግሟት ነው? ከላይ ያየነው ሳይንስ ለዚህ መልስ አለው። ጉዳቱ የተከሰተው እርጉዝ መሆኗን እንኳ ባላወቀችበት ሳምንት፣ የአክቲን መቀነት በሚጠብቅበትና ሁለት ጠርዞች በሚፈላለጉበት ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። የሚያስወቅሳት ነገር የለም። ልናፍርበት የሚገባን ነገር ካለ፣ ዋጋው እጅግ አነስተኛ የሆነ ንጥረ ነገር ከሚያስፈልግበት ቀን በፊት አለመድረሱ ነው።

ይህን መጽሔት የሚያነቡ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራሳቸው ወላጆች፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች ይሆናሉ። እህት ያላቸውም የሠርጓን ቀን ይጠብቃሉ። በየገጠሩ ቤት የዶሮዋን 21 ቀን የማያውቅ የለም። የሰው ልጅ 28 ቀንም እንዲሁ የሚታወቅ ቢሆን፣ ስለ ፎሊክ አሲድ የሚነገረው ምክር ከእርግዝና ካርድ ወደ ሠርግ ዝግጅት ይዛወር ነበር።